መልስ፦ የድሬዳዋን የቤት ዋጋ ያወጣው ባቡሩ ነው ወይ?

ላነሳኸው ጥያቄ፣ መጀመሪያ ላይ አዎ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም ሲደርስ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ብዙ ወጪ ስለሚያስወጣ እታች ሜዳው ላይ ቀረ፤ ጣቢያ፣ መጋዘንና ጉምሩክ ሲመጣ ሜዳው ነጋዴ የሚፈልገው መሬት ሆነ። የሐረር ንግድም ቀስ በቀስ ወደዚያው ወረደ። ከዚራ የተባለው ሰፈር በቀጥ ያለ መንገድና በዛፍ ጥላ ተሠራ፣ መጋላ የተባለው ሰፈር ደግሞ ከደጫቱ ወንዝ ማዶ በገበያው አደገ።

ግን ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ የከተማ መሬት የመንግሥት ነው፣ ትርፍ ቤትም ተወርሷል። የቀበሌ ቤት ኪራይን የሚተምነው መንግሥት እንጂ ገበያው አይደለም፤ ስለዚህ እሱን አይተህ ስለ ኢኮኖሚው ምንም አትፍረድ! ከአዋጁ በፊት የነበረውን የሽያጭ ውል፣ ከዚያ የሊዝ ጨረታውን ተመልከት። አዲሱ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው፤ እኔ ብሆን ዛሬ በዚያ አቅጣጫ ያለውን መሬት ነው የምከታተለው።