በስሙ የተሸፈነ በሽታ፦ ለወጣት የጤና ባለሙያዎች

«ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» የሚለውን ተረት በልጅነቴ እየሳቅሁ ተርቼዋለሁ። በቆዳ ሕክምና ብዙ ዓመት ካገለገልሁ ወዲህ ግን ያሳፍረኛል። ቁምጥና ማለትም ሥጋ ደዌ በአንድ ገበታ በመብላት የሚጋባ በሽታ አይደለምና፤ የሚተላለፈው ሕክምና ካልጀመረ ሰው ጋር ለረጅም ጊዜ ተቀራርቦ በመኖር ሲሆን፣ የአብዛኛው ሰው ሰውነትም ይቋቋመዋል።

ልጆቼ፣ ከስድቡ ይልቅ ቃሉን ራሱን መርምሩት። «ቁምጥና» ጣት ካለቀ በኋላ የቀረውን እጅ አይቶ የወጣ ስም ነው። በሽታው ግን የሚጀምረው ቆዳ ላይ በሚወጣ፣ ሲነኩት በማይሰማ፣ ደብዘዝ ወይም ቀላ ባለ ምልክት ነው፤ ጣት የሚጎዳው ነርቭ ከደነዘዘ በኋላ፣ ሰውየው የጋለ ድስት ይዞ መቃጠሉን ሳያውቅ፣ ቁስሉም ሳይታከም እየቆየ ነው። ስሙ መጨረሻውን ብቻ ስለሚያሳይ መጀመሪያውን የሚያስተውል ይጠፋል። አንድ ገበሬ ምልክቱን ለዓመታት ይዞ ከቆየ በኋላ ወደ እኔ መጥቶ «ጣቶቼ ሙሉ ናቸው፤ ምኑን ቆማጣ ሆንሁ?» ብሎኛል። ያን ዕለት የግራ እጁ ትንሿ ጣት መታጠፍ ጀምራ ነበር።

«ለምጽ» ደግሞ በተቃራኒው ያሳስታል። በኦሪት ዘሌዋውያን ለምጻም ከሰፈር ውጭ እንዲቀመጥ ታዝዟል፤ ዛሬ በየመንደሩ ለምጽ የምንለው ግን ቆዳ ቀለሙን የሚያጣበት፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ ሕመም ነው። ሁለቱ በአንድ ስም ስለተጠሩ፣ ከንፈሯ ዳር ነጣ ያለባት ልጅ የማይመለከታትን ፍርሃት ትሸከማለች።

«ሥጋ ደዌ» የሚለው ስም ይሻላል፤ ሆኖም ፊቱን አዙሮ የሚጠራው ሰው ብዙ ስለሆነ ስም መለወጥ ብቻውን አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 እ.ኤ.አ. ጥምር መድኃኒት እንዲሰጥ መክሯል፤ ዛሬ ታካሚው እንደ ሕመሙ ዓይነት በ6 ወይም በ12 ወር ይድናል። እኛ ግን ካርዱ ላይ «በሽተኛ» እያልን እንቀጥላለን። «ያለበት» እና «የነበረበት» መካከል ያለው ልዩነት ለጸሐፊው የብዕር ጭረት ነው፤ ለባለቤቱ ግን አይደለም።

መድኃኒታቸውን የጨረሱ አንዲት እናት «ድናለች» ብዬ እንድጽፍላቸው ለምነውኝ ነበር፤ ልጃቸውን ለሚያገቡት ወገኖች ሊያሳዩት ነው። ጽፌ ሰጠኋቸው። ማኅተሙ ደብዝዞ ስለታያቸው እንደገና አስመቱኝ።