«ዬገር» ከ1850 በፊት የት ገባ?

ሰላም እህቴ። ጥያቄዎ እንዲህ ነው፦ የባለቤትዎ ቤተሰብ በ1850 የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ላይ፣ በፔንስልቬንያ በርክስ ካውንቲ «ዬገር» ተብሎ ተመዝግቧል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ግን በዚያ አጻጻፍ አንድም ሰው አልተገኘም፤ ስማቸውን ቀይረው ይሆን? (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ስሙ አልተቀየረም ብለው ይነሱ። ዬገር የጀርመን ስም ነው፣ ትርጉሙ አዳኝ ማለት ነው። በእኛ ፊደል ቢጻፍ ጀርመኑ የሚጠራውም እንግሊዙ የሚጠራውም ያው አንድ «ዬገር» ነው። የሚለያዩት ላቲኑ ላይ ነው። ጀርመን «የ» የሚለውን ድምፅ በ«ጄ» ፊደል ይጽፈዋል፤ የእንግሊዝ ጸሐፊ ያንኑ ድምፅ ሲሰማ በ«ዋይ» ይጀምረዋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊው በጆሮው የገባውን ነው የሚያሰፍረው፤ የግብር ሰብሳቢው ጆሮ ሌላ፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ጆሮ ሌላ ነው። «ጸሐይ» የምትባል እህታችን በፓስፖርቷ፣ በመንጃ ፈቃዷና በባንክ ደብተሯ ላይ ሦስት ዓይነት ሆና እንደምትገኘው ማለት ነው።

እርስዎን ያሰናከለዎ አንዱ የፍለጋው አሠራር ሳይሆን አይቀርም። አንዳንድ የዘር ሐረግ ድረ ገጾች ተመሳሳይ አጠራር ያላቸውን ስሞች ለመፈለግ የሚጠቀሙት ሳውንዴክስ የሚባለውን ስሌት ነው። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል እንዳለ ይይዛል፣ አናባቢዎቹን ይጥላል፣ የቀሩትን ተነባቢዎች ቁጥር ይሰጣቸዋል። «ጂ» እና «ኬ» ሁለቱም 2 ናቸው፣ «አር» 6 ነው። ስለዚህ በ«ዋይ» የተጻፈው ዬገር «ዋይ-260» ይሆናል፣ በ«ጄ» የተጻፈው «ጄ-260»። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ፊደሉ ግን ስለተለያየ ማሽኑ ሁለቱን አያገናኛቸውም። መሐል ላይ «ገ» በ«ከ» ቢለወጥ ግድ የለም፣ ስሌቱ ይሸፍንልዎታል፤ የሚጎዳው የመጀመሪያው ፊደል ነው። ስለዚህ በ«ዋይ»፣ በ«ጄ»፣ በ«ጂ» እና በ«አይ» ለየብቻ ይፈልጉ። «አይ»ን የጨመርኩት በድሮው የጀርመን እጅ ጽሑፍ ትልቁ «አይ» እና ትልቁ «ጄ» አንድ ቅርጽ ስለሆኑ፣ ገልባጮች ብዙ ጊዜ ስለሚሳሳቱበት ነው። ከዚያ በ«ኤች» ደግሞ «ሀንተር»ን ይፈልጉ፤ አዳኝ የሚለውን ተርጉሞ የጻፈ ጸሐፊ ይኖራልና። ሽናይደር ቴይለር፣ ሲመርማን ካርፔንተር፣ ኮኽ ኩክ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። ትርጉም ሲሆን ሳውንዴክስም፣ በማይታወቅ ፊደል ፈንታ የሚገባው ኮከብ ምልክትም (*) አያድኑም፤ ሰውየውን በሌላ ነገር መያዝ ግድ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከፊደል ጋር አይገናኝም። የእያንዳንዱ ነፃ ሰው ስም የተጻፈበት የመጀመሪያው ቆጠራ የ1850ው ነው። ከ1790 እስከ 1840 ባሉት ላይ የሚጻፈው የአባወራው ስም ብቻ ነው፤ ሚስትና ልጆች በዕድሜ ክልል ተከፍለው በቁጥር ይሰፍራሉ። በ1840 የ14 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ጠፋ ማለት አይደለም፤ በአባቱ ረድፍ ውስጥ «ከ10 እስከ 15» በሚለው አምድ ላይ አንድ ቁጥር ሆኖ አለ። ስለዚህ የሚፈለገው አባትየው ነው።

ሦስተኛው ወሰን ነው። በርክስ ካውንቲ የተቋቋመው በ1752 ከፊላደልፊያ፣ ከቼስተርና ከላንካስተር ተቆርሶ ነው። በ1811 ደግሞ ከበርክስና ከኖርዝሃምፕተን ተቆርሶ ስኩልኪል ወጣ። ቤተሰቡ ካንድ ማሳ ሳይነቃነቅ ወረቀቱ በሦስት ካውንቲ ሊገኝ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። ከ1850 ወደ ኋላ አንድ ትውልድ አንድ ትውልድ እያሉ ይሂዱ፤ ከመርከቡ ተነሥተው ወደ ፊት አይምጡ። ከመርከቡ የሚጀምር ሰው በዚያ ስም የወረደውን ሁሉ አያት ያደርጋል።

የመጀመሪያው መያዣ መሬቱ ነው። የግብር ዝርዝር በየዓመቱ የሚሠራ ስለሆነ ስሙ እየተገለባበጠ ሲሄድ መሬቱ ሲጸና ያያሉ። ለምሳሌ በአንድ ታውንሺፕ (በካውንቲው ሥር ያለ አነስተኛ አስተዳደር) ውስጥ «120 ኤከር፣ 2 ፈረስ፣ 3 ላም» የሚለው መስመር አንድ ዓመት በ«ጄ»፣ በሁለተኛው በ«ዋይ»፣ በሦስተኛው «ሀንተር» ተብሎ ቢመጣ፣ ኤከሩም ጎረቤቱም ካልተለወጠ ሰውየው አንድ ነው። ያላገቡ ወንዶች ለብቻቸው ስለሚመዘገቡ አንድ ወጣት ከዚያ ዝርዝር ወጥቶ ወደ ባለ ትዳሮቹ የገባበት ዓመት የጋብቻውን ጊዜ ይጠቁማል። ዝርዝሩ በፊደል ተራ ከሆነ ግን ከጎኑ ያለው ስም ጎረቤቱ አይደለም፤ ይህን ሳያዩ ብዙዎች ይሳሳታሉ።

ከግብሩ በላይ የሚናገረው የመሬት ይዞታው ሰነድ ነው። በፔንስልቬንያ ማመልከቻ፣ የቅየሳ ትእዛዝ፣ ቅየሳ፣ የቅየሳው ውጤት ማስረከቢያ፣ በመጨረሻ ፓተንት የሚባለው ባለቤትነት ማረጋገጫ በተራ ይመጣሉ። የቅየሳው ንድፍ ላይ አዋሳኞቹ በስም ተጽፈዋል። ፓተንቱን ብዙ ጊዜ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው ያወጣው፤ ያኔ ጸሐፊው መሬቱ ከማን ወደ ማን እንዳለፈ ከመጀመሪያው ባለትእዛዝ ጀምሮ ይዘረዝራል። አያት በአንድ አጻጻፍ፣ የልጅ ልጅ በሌላ፣ በአንድ ገጽ ላይ! ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ወረቀት የለም።

ኑዛዜ ሲያገኙ በመዝገቡ ደብተር ላይ ባለው ግልባጭ አይብቃዎ። ደብተሩ ላይ ያለው የጸሐፊው እጅ ነው፤ ጀርመንኛውን ወደ እንግሊዝኛ ሲገለብጥ ስሙንም አብሮ ሊተረጉም ይችላል። የካውንቲውን የኑዛዜ ቢሮ «ዋናውን ፋይል» ብለው ይጠይቁ፤ የሟቹ ፊርማ ያለው እዚያ ነው። ኑዛዜ ሳይተው የሞተ ከሆነ የወላጅ አልባዎች ፍርድ ቤት የሚባለውን መዝገብ ይዩ፤ ርስቱ ሲከፈል ወንዶች ልጆች፣ ያገቡ ሴቶች ልጆችና ባሎቻቸው ይጠራሉ።

የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። ሉተራኖችና ሪፎርምዶች (ሁለቱም የፕሮቴስታንት ወገኖች ናቸው) ብዙ ጊዜ አንድ ሕንፃ ይጋሩ ነበር፣ መዝገባቸው ግን ሁለት ነው፤ ሁለቱንም ይፈትሹ። ሴት ስትጻፍ በስሙ ጫፍ «ኢን» ይጨመራል፣ «ዬገሪን» የሚባል ሌላ ቤተሰብ የለም። ወንዶቹ ደግሞ አራት ወንድማማቾች ቢሆኑ አራቱም «ዮሐን» ተብለው ሊጠመቁ ይችላሉ፤ የሚጠሩት በሁለተኛው ስም ነው። ዮሐን ጊኦርግ በግብሩ ላይ ጆርጅ ሆኖ ይመጣል። «ዮሐነስ» ግን ብቻውን ስም ነው፣ ጆን የሚሆነውም እሱ ነው። ከሁሉ በላይ የክርስትና አባትና እናቱን ስም ይገልብጡ። እንደኛው አገር ክርስትና የሚያነሣው ዘመድ ወይም የቅርብ ወዳጅ ነው፤ ስሙ ሲበላሽም እነዚያው ሰዎች ከልጅ ወደ ልጅ ይደጋገማሉ።

መርከቡ ላይ የሚደርሱት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከ1727 ጀምሮ ፊላደልፊያ የሚወርዱ ጀርመኖች፣ 16 ዓመት የሞላቸው ወንዶች፣ መሐላ ይፈጽሙ ነበር። ሙሉ ሆኖ ከተረፈ አንድ ሰው ሦስት ቦታ ይገኛል፦ በካፒቴኑ ዝርዝር፣ ለንጉሡ የታማኝነት መሐላ በፈረሙበት፣ እንዲሁም ተቀናቃኙን አልጋ ፈላጊ በካዱበት መሐላ። የመጀመሪያው የሰሚ ጽሑፍ ነው፤ ሁለቱ ላይ ራሱ ይፈርማል። መጻፍ ያልቻለው ምልክት ያደርጋል፣ ጸሐፊው ስሙንና የቤተሰብ ስሙን በምልክቱ ግራና ቀኝ ያሰፍራል፤ ስለዚህ ምልክት ያለበት ስም አጻጻፉ የሰውየው አይደለም። በራሱ እጅ የፈረመ ከሆነ ያንን ፊርማ ከኑዛዜው ፊርማ ጋር ጎን ለጎን ያድርጉ፤ የ«ጄ»ው አጣጣል፣ የጫፉ ጭረት፣ እጅ ቶሎ አይለወጥም። በ1934 በሦስት ቅጽ የታተመው ዝርዝር ሁለተኛ ቅጹ የፊርማዎቹን ምስል ይዟል፤ ይህ ቅጽ የሌለበት ድጋሚ ኅትመት አይረዳዎትም።

በእንግሊዝ ሹሞች ወረቀት ላይ እስከ 1752 አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ቀን ነበር። የካቲት 1740 የሚለው ዛሬ በምንቆጥረው 1741 ነው። ዓመት በጥር መጀመር እንደሌለበት ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ልጁ ከእናቱ ሠርግ በፊት ተወልዶ ካገኙት ግን መጀመሪያ ይህን ያስቡ።

«ሲኒየር» እና «ጁኒየር» የሚለውን እንደ አባትና ልጅ አይውሰዱት፤ በአንድ ታውንሺፕ ያሉ ሁለት ሞክሼዎች ታላቁና ታናሹ ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለት መዝገብ የአንድ ሰው ነው ከማለትዎ በፊት ስም ሳይጨምሩ ሦስት ነገር ይግጠም፦ መሬት፣ ሚስት፣ ክርስትና አባት ወይም አዋሳኝ። ሁለት ከሆነ «ይመስላል» ብለው ይጻፉት።

የባለቤትዎ እናት ወገን ወደ ኒው ዮርክ ሆላንዶች ከወሰደዎ ነገሩ ሌላ ነው። እነሱ እንግሊዞች በ1664 እስኪይዟቸውና ከዚያም በኋላ ቆይተው እንደኛ በአባት ስም ይጠሩ ነበር፤ የያን ልጅ «ያንሰን»፣ የእሱ ልጅ ሌላ። የቤተሰብ ስም ሲይዙም ወንድማማቾች የተለያየ የያዙበት አለ።

ወረቀቱ ዬገርና ሀንተር አንድ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለው ላይ ከቆመ የአባት መስመር የሚያሳየውን የ«ዋይ» ክሮሞሶም ዲኤንኤ ምርመራ ባለቤትዎ ራሳቸው ይስጡ፤ ሴት ልጃቸው ልትሰጥላቸው አትችልም። የሚወዳደሩትም ሀንተር ከሚባል የዚያው አካባቢ ወንድ ጋር መሆን አለበት።

ለመጀመሪያው ቀን ግን ፋሚሊሰርች በሚባለው የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ በነፃ አካውንት ከፍተው የ1850ውን ገጽ ሙሉ ምስል ያውጡ፣ ከቤታቸው በላይና በታች ያሉትን አሥር አሥር ቤተሰቦች ስም ይገልብጡ፣ ከዚያ የ1840ውን የዚያኑ ታውንሺፕ ገጾች አንድ በአንድ እያገላበጡ እነዚያን ጎረቤቶች ይፈልጉ። አባትየው በማናቸውም ፊደል ቢጻፍ እነሱ መሐል ሳይገኝ አይቀርም።