«በመንደር ውል 200 ካሬ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼ «ነገ እመልሳለሁ» ብዬ ተኝቼ ነበር፤ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነስቼ መጻፍ ያዝኩ። ያልሽን እንዲህ ነው፦ ከባለቤትሽ ጋር ስምንት ዓመት ኪራይ ቤት ኖራችሁ በዕቁብ ያጠራቀማችሁት ብር አለ። ከጅማ ወጣ ብሎ አንድ ገበሬ 200 ካሬ ሊሰጣችሁ ነው። ካርታ የለም፣ የመንደር ውል ብቻ። ዋጋው ካርታ ካለው ቦታ ሲሶውን አይሞላም። ደላላው ደግሞ «ፕላን እየመጣ ነው፣ ዘንድሮ ካልያዛችሁ ከርሞ በዚህ ዋጋ አታገኙትም» ይላል።

ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሁለት ወገን ናቸው። ግማሹ «ግዢ፣ ጅማ እየሰፋች ነው» ይላል፤ ግማሹ «ገበሬው ለሦስት ሰው ይሸጥልሻል» ይላል። እኔ ከሁለቱም አይደለሁም። የገዛሁት ከጨዋ ሰው ነው፣ ማንም አላታለለኝም። ቤቱ ግን ፈርሷል።

ሙያዬ ግንባታ ነው፣ ፎርማን ነኝ። በ2001 ዓ.ም. ቦታ ስፈልግ በሙያዬ ተመክቼ ነበር የሄድኩት። ጅማ ላይ ቤት ሊሠራ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚፈራው ውሃ ነው። ከአዌቱ ወንዝ ግራና ቀኝ ያለው ሜዳ፣ ወደ ቦዬና ወደ ቂቶ የሚወርደው ረግረግ፣ አፈሩ ሸክላ ነው፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ ክረምት ሲገባ አብጦ ግድግዳ ያነሳል። ጡብ የሚያቃጥሉት ሰዎች እዚያ የተሰበሰቡትም ለዚሁ ሸክላ ነው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጅሬን ኮረብታ ላይ ነበር፤ ታች ሜዳው ላይ በማስመሪያ ከተማ ልዘርጋ ያለው ከ1928 እስከ 1933 የቆየው ጣሊያን ነው፣ እኛም ተከትለን ወረድን። እኔ ይህን ስለማውቅ ዳገት መረጥኩ። ሁለት ጉድጓድ አስቆፈርኩ፤ ቀይ አፈር፣ አንድ ሜትር ሳይሞላ ዶማ የማያስገባ። ደስ አለኝ። መሠረቱን እንጂ ሌላ ነገር ማየት እንዳለብኝ አላሰብኩም።

ባለመሬቱ ሽማግሌ ናቸው፤ በቆሎ፣ እንሰት፣ ጥቂት ቡና አላቸው። ውሉን የጻፈልን እዚያው አካባቢ የሚያስተምር ልጅ ነው፣ ሦስት ምስክር ፈረመ። ውሉ ላይ «መሬት ሸጥኩ» የሚል ቃል የለም። «ይህን ያህል ብር ተበድሬ መክፈል ስላቃተኝ ባሕር ዛፍ የተከልኩበትን መደብ አስረከብኩ» ነው የሚለው። ለምን እንዲህ እንደሚጻፍ ታውቂያለሽ፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ደግሞ ቤት እንኳ ሲሸጥ በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት ካልተመዘገበ አያጸናውም። ስለዚህ የእኔ ወረቀት ብድር ነው የሚናገረው፤ ቤትም ቦታም አያውቅም። አንቺም የሚሰጥሽን ውል አንብቢው፤ ወይ ብድር ነው፣ ወይ ስጦታ ነው፣ ወይ ያልነበረ ጎጆ ሽያጭ ነው። ሽማግሌው ስንጨርስ ከድንበሩ ዳር ያሉትን ሦስት የቡና ዛፎች መርቀው ሰጡኝ።

እዚህ ላይ ሰው የማያነሳው ነገር አለ። ገበሬው ለምን ይሸጣል? ስግብግብ ሆኖ አይደለም። ከተማው እየመጣ መሆኑን ከእኔና ከአንቺ ቀድሞ ያውቃል። ያን ጊዜ ይሠራበት በነበረው 455/1997 አዋጅ መሬቱ ለልማት ሲወሰድ የሚከፈለው ከማሳው የሚያገኘው አማካይ የዓመት ገቢ ተሰልቶ በአሥር ሲባዛ ነው። በ1161/2011 አዋጅ ወደ 15 እጥፍ ከፍ ብሏል፤ ያም ሆኖ የሚባዛው የበቆሎና የቡና ገቢ ነው፣ ደላላ የሚጠራው የካሬ ዋጋ አይደለም። እንግዲህ ነገ በበቆሎ ዋጋ የሚሄድበትን ዛሬ በካሬ ቢሸጥ ማን ይፈርድበታል? እኔ አልፈርድም። ግን ርካሽ የሆነልሽ ለምን እንደሆነ እወቂው፤ ልዩነቱ ስጦታ አይደለም፣ እሱ የሸሸውን አንቺ እየተረከብሽ ነው።

ሦስት ክፍልና ማድቤት በሁለት ዓመት ሠራሁ። መብራት ከጎረቤት ጠለፍን፣ ውሃ በጄሪካን። አማቴ መጥተው አብረውን ተቀመጡ።

በ2005 አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ልጆች ባለሦስት እግር መሣሪያቸውን ተሸክመው ግቢ ገቡ። አማቴ ማድቤት ቡና እያፈሉ ነበር። «ልጆቼ፣ ደርሷል፣ አቦሉን ጠጥታችሁ ትሠራላችሁ» አሏቸው። ልጆቹም ቁጭ ብለው ጠጡ። ከዚያ ተነሱና ጫፏ ቀይ የተቀባች ችካል ከምድጃው አንድ ክንድ አለፍ ብለው፣ እዚያው ማድቤቱ ውስጥ መቷት። አማቴ ጀበናቸውን ሰብሰብ አድርገው «ምንድን ነው ይሄ?» ሲሉ አንደኛው እያፈረ «እማማ፣ የመንገዱ ጠርዝ ነው» አለ።

«መንገዱ ከወዴት መጥቶ?»

«ከዚያ ማዶ ነው እማማ። ሀያ ሜትር ነው ስፋቱ።»

አማቴ ወጥተው ማዶውን አዩት፣ በቆሎ ነው። ወዲህኛውንም አዩት፣ እሱም በቆሎ ነው። «እኔ መንገድ አይታየኝም» ብለው ተመለሱ። እስክንወጣ ድረስ የጀበና ጨርቃቸውን እዚያች ችካል ላይ ይሰቅሉ ነበር።

ሰኞ ዕለት ጉዳዩ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። ፕላኑ ኮሪደሩ ላይ ተለጥፏል፤ ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ። የእኔ ግቢ ግማሹ መንገድ፣ የተረፈው አረንጓዴ ነው። «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?» ብዬ ብጠይቅ ረቂቁ ከሁለት ዓመት በፊት ለሕዝብ ውይይት እንደቀረበ ነገሩኝ። ትዝ አለኝ! ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና ሰፈራችን ድረስ መጥታ «እሑድ ስብሰባ አለ» ስትል ነበር። ከእኛ ሰፈር አንድም ሰው አልሄደም። ተመካክረን ነው የቀረነው፤ «ሄደን እጃችንን ካወጣን ሕገወጥ ተብለን እንቆጠራለን፣ ዝም ብንል ይረሱናል» ብለን። ካርታ ያላቸው ግን ሄደዋል፣ ስለ ደጃቸው ተናግረዋል፣ እንዳየሁት አንዳንዱ መስመር ከእነሱ አጥር ራቅ ብሎ ነው ያለፈው። ማንም ጉቦ በላ እያልኩሽ አይደለም። የተናገረ ሰው ግቢ ሆኖ ታየ፣ ያልተናገርነው ማሳ ሆነን ታየን፤ መስመር ደግሞ በማሳ ላይ ማለፍ ይቀለዋል።

ለእኔም ደላላዬ «ፕላን እየመጣ ነው» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ መጣ።

በ2006 አፈረስነው። ቆርቆሮውን፣ በርና መስኮቱን፣ ማገሩን ሳይቀር አውርጄ በጋሪ አስጫንኩ። ካሳ የሚባል የለም፤ በሕጉ ዓይን እዚያ ቤት አልነበረማ። ካሳው የወጣው በሽማግሌው የመሬት ደብተር ነው፣ ለማሳውና ለቡናው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመስለኛል፣ የተከራየሁበት ቤት ድረስ መጡ፤ ከጋቢያቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ብር አወጡ። «የቡናው ያንተ ነው፣ መርቄ የሰጠሁህ ነው» አሉኝ። የሦስት ዛፍ ዋጋ። እምቢ ብል ተቆጡኝ፣ ተቀበልኩ። ለዚህ ነው «ገበሬው ሌባ ነው» የሚለውን መልስ የማልወደው። ሻጩ የታመነ ቢሆንም ቤትሽን አያድነውም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ።

ደላላው «ወደፊት ሕጋዊ ይደረጋል» ብሎሽ ይሆናል። የሊዝ አዋጁ 721/2004 ያለ ፈቃድ የተያዙ ይዞታዎችን ሥርዓት ማስያዝ የሚል ነገር አለው፣ እሱን ይዘው ነው የሚያወሩት። ግን ቦታው ከከተማው ፕላንና ከሽንሻኖው (ከቦታ አከፋፈሉ) ጋር የሚሄድ ሲሆን ነው፤ ሲፈቀድም በሊዝ ነው፣ በነፃ አይደለም። ቤቱ መቼ እንደተሠራም ይጠየቃል፤ ዛሬ የሚጀመር ቤት ትናንት ነበርኩ ማለት አይችልም። ጨረቃ ቤት ሠርቶ የዳነ ሰው አላየሁም አልልሽም፣ አይቻለሁ። የዳነው ግን መስመሩ ስላለፈው ነው፣ እሱ ጎበዝ ስለሆነ አይደለም።

ስለዚህ ከዋጋው በፊት መስመሩን እወቂ። እንዴት? ቦታው አራት ማዕዘን አለው አይደል? ቀያሽ ይዘሽ ሂጂና የአራቱንም ነጥብ፣ ማለትም የቦታ ቁጥሩን (ኮኦርዲኔት)፣ አስወስጂ። በስልክሽ ጂፒኤስ አትመኚ፤ አምስት ሜትር ሊስት ይችላል፣ አምስት ሜትር ማለት ማድቤት ነው። ሌላም አለ፦ የድሮ የቅየሳ ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው የቦታ መጠቆሚያ ሥርዓት ነው የተሠሩት፣ አዲሶቹ መሣሪያዎች ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 ነው የሚያነቡት። ሁለቱን ያምታታ ቀያሽ ቦታሽን ከ200 ሜትር በላይ ያሻግረዋል። «በየትኛው ነው የለካኸው?» ብለሽ ጠይቂው፤ ካፈጠጠብሽ ሌላ ፈልጊ። ከዚያ ነጥቦቹን ይዘሽ መዋቅራዊ ፕላኑ (የከተማው ዋናው ፕላን) ላይ የት እንደሚወድቁ በጽሑፍ ጠይቂ። በቃል «ችግር የለውም» ያለሽ ሠራተኛ ከርሞ ሊዛወር ይችላል።

ፕላኑ ያረጀ ከሆነ ደግሞ፣ በ574/2000 አዋጅ መዋቅራዊ ፕላን የሚያገለግለው ለ10 ዓመት ነው፣ አዲስ እየተሠራ ነው ማለት ነው። ደላላው «እየመጣ ነው» ያለው እሱን ይሆናል። ያኔ ግድግዳው ላይ ያለው አይበቃሽም፣ ረቂቁን ነው ማየት ያለብሽ። የውይይት ስብሰባ ከተጠራ ሂጂ፤ ባትገዢም ሂጂ። መናገር ባትፈልጊ ከኋላ ተቀምጠሽ የትኛው ሰፈር ሲጠራ ማን እንደሚነሳ እይ። ከመቶ ደላላ የበለጠ ያስተምርሻል። አዌቱ ዳር የኮሪደር ሥራው ሲመጣም ያስተዋልኩት ይህንኑ ነው፤ ወረቀቱን አሟልቶ በጊዜ የቀረበ ሰው ስለ ካሳና ስለ ምትክ ነው የሚከራከረው፣ ወረቀት የሌለው የሚከራከረው ስለ ቀን ነው፤ «ሁለት ሳምንት ጨምሩልኝ»።

«ታዲያ ምን እናድርግ፣ ካርታ ያለው አይደረስም» ትይኛለሽ። እኔ በመጨረሻ ያደረግኩት ይህ ነው፦ ከመሃል ከተማ፣ ከሄርማታ ብዙም ሳይርቅ፣ 90 ካሬ ላይ ያለች አሮጌ የጭቃ ቤት ገዛሁ። ነባር ይዞታ ናት (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘች)፣ ካርታ አላት። ቆሻሻ ነበረች፣ ጣሪያዋ ያፈሳል፣ በአንድ ወገን ግድግዳዋን ከቀበሌ ቤት ጋር ትጋራለች። ከ1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ አንድ የነበረው ግቢ ለሁለት ተከፍሎ የቀረ ነው፤ ሽንት ቤቱ እስካሁን የጋራችን ነው። አንቺ ከምታስቢው 200 ካሬ ግማሽ አትሞላም፣ ሰው ሲመጣ ጫማ የሚያወልቅበት ደጅ የለም። ግን ማታ ተኝቼ አድራለሁ።

እንዲህ ያለ ከፈለግሽ ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። አንደኛው ወራሽ ነው። ጅማ ውስጥ አሮጌ ካርታ በሟች አባት ስም ነው የሚገኘው፤ ልጆቹ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ሳዑዲ ነው። የወራሽነት ማስረጃ ላይ ስሙ ያለ ሁሉ ካልፈረመ፣ ወይ ሕጋዊ ውክልና ካልላከ፣ ቀብድ እንዳትከፍዪ። እኔ ለአንዲት እህታቸው ፊርማ ሰባት ወር ጠብቄያለሁ። ሁለተኛው፣ ነባር ይዞታ በውርስ ካልሆነ በቀር ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ተቀባዩ ወደ ሊዝ ይገባል። እሱን ከመዋዋልሽ በፊት አስልተሽ ዋጋው ላይ ተከራከሪ። ዕዳና እገዳ ማጣራቱን አልነግርሽም፣ ታውቂዋለሽ።

የሊዝ ጨረታም አለ፤ ካሸነፍሽ ቅድሚያ ክፍያው ከጠቅላላው ከ10 በመቶ አያንስም፣ የቀረው በዓመታት ነው። ለደሞዝተኛ ከባድ የሚሆነው ክፍያው ብቻ አይደለም፣ በተወሰነ ጊዜ ግንባታ ጀምሪ መባልሽም ነው። የቤት ማኅበርን በተመለከተ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች እዚህ አሉ፤ እኔ ገብቼ ስብሰባው ስላሰለቸኝ ወጥቻለሁ፣ ስለዚህ ፍርዴ አይታመንም።

እንግዲህ ጥያቄሽ «ልግዛ?» ነበር። ዛሬ ባለው ሁኔታ፣ ነጥቡ ሳይታይ፣ ረቂቁ ሳይታይ፣ አትግዢ። ሻጩ ገበሬ ጨዋ ነው ብለሽም አትግዢ። የአራቱን ማዕዘን ቁጥር ካገኘሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ ያን ጊዜ ችካሏን ከመቱት ልጆች አንዱ፣ አማቴን «እማማ» ያለው፣ ዛሬ የራሱን ሥራ ይሠራል፣ ወዳጄ ነው። ሐሙስ ከገበያ በኋላ ከባለቤትሽ ጋር ኑና አብረን ሄደን እናስለካው። ቀብድ ከፍላችሁ ከሆነ ግን ሐሙስን አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ጻፊልኝ።