አለቅነትን የተማርኩት በ140 ሺህ ብር የተበላሸ ሞተር ነው

ሹመት ያዳብር እህቴ! ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። እዚሁ ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ አልጋ ክፍል ስድስት ዓመት ሠርተሽ ባለፈው ሳምንት ኃላፊ አደረጉሽ። አብረውሽ አንሶላ ሲያጥፉ የነበሩ 11 ልጆች አሁን አንቺን ነው የሚጠብቁት። «ሳልኮራባቸው፣ ደግሞ ሳልፈራቸው እንዴት ልምራቸው? ምንስ ላንብብ?» ነው ያልሽው። ከላይ የመለሱልሽ ሰዎች የመጽሐፍ ስም ደርድረውልሻል፣ እግዜር ይስጣቸው። እኔ የማውቀው ስለ ጀልባ ነው። ሆቴልና ጀልባ ምን አገናኘው እንዳትይኝ፣ ያው ነው።

ጣና ላይ እንግዳ የሚያመላልስ ማኅበር ውስጥ ነጂ ነበርኩ። 23 አባላት ነን። በ2009 ሊቀመንበር አድርገው መረጡኝ። እንደ አንቺው፣ ትናንት አብሬያቸው ሻይ ስጠጣ ነበር።

1. ስብሰባ ጠርተሽ ንግግር እንዳታደርጊ። እኔ አድርጌያለሁ። በተመረጥኩ በወሩ የሦስት ቀን የአመራር ሥልጠና ላኩኝ። ቦርሳና እስክሪብቶ ይሰጣሉ፣ ምሳው ጥሩ ነው። ከዚያ ተመልሼ «ራዕያችን፣ ተልዕኳችን፣ እሴቶቻችን» እያልኩ አርባ ደቂቃ አወራሁ። ስጨርስ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት አያ እጃቸውን አወጡና «ልጄ፣ ጥሩ ተናገርክ። ነገ ተራው የማን ነው?» አሉኝ። ሳቁ እስከ ጊዮርጊስ ሳይሰማ አይቀርም። ያኔ ተናደድኩ። በኋላ ሳስበው ግን እውነታቸውን ነው፣ ያወራሁት በሙሉ ከአንገት በላይ ነበር። ባለቤቴ እንኳ «ስለ ማኅበሩ በስልክ ስታወራ ድምፅህ ይለወጣል፣ ማንን ነው የምትመስለው?» ብላኝ ነበር። አንቺም ድምፅሽ እንዳይለወጥ። ልጆቹ ስድስት ዓመት ያውቁሻል፣ ወዲያው ነው የሚነቁብሽ።

2. ፈረቃ ላይ እንዳትቀልጂ። ለእኛ ተራ ማለት እንጀራ ነው፣ ለእናንተም ፈረቃ ያው ነው። የማን ጀልባ ቀድሞ ይወጣል የሚለው በሰሌዳ ካልተጻፈና ሰሌዳው ለሊቀመንበሩም ካልሠራ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። በመጀመሪያው ጥምቀት የሚስቴን ወንድም ከተራው አስቀድሜ አወጣሁት። አንድ ጉዞ ብቻ። አንድም ሰው አልተናገረኝም። ሁለት ጀልባ ያለው አንድ አባላችን ግን በማግስቱ «እኔም ዘመድ አለኝ» ብሎ መጣ። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ 985/2009 ሁለት ጀልባ ያለውም አንድ ያለውም ድምፁ አንድ ነው ብዬ አፌን ሞልቼ ልመልስለት አሰብኩና አፈርኩ። አዋጁን ቀድሜ የጣስኩት እኔ ነኝ በይው።

3. አሁን ወደ ሞተሩ። ይሄን ልነግርሽ ነው የጻፍኩት፣ ሌላው ማዳመቂያ ነው።

ጥቅምት 2010 ነው። ክረምቱ አልፎ እንግዳ መምጣት ጀምሯል፣ ገናና ጥምቀት ከፊታችን ናቸው። የማኅበሩ አንድ ጀልባ ያለ ሞተር ቆሟል። አንድ ነጋዴ ያገለገለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር በ140 ሺህ ብር አለኝ አለ፣ ነገ ሌላ ሰው ይወስደዋልም አለ። ኮሚቴውን ብጠራ ሁለት ቀን ይፈጃል። «ሊቀመንበር አይደለሁ እንዴ?» ብዬ ብቻዬን ሄጄ ገዛሁት። ስንጭነው የነጋዴው ረዳት በቀስታ «ይቺ ሞተር አንዴ ውሃ ገብታለች ጋሼ» አለኝ። ሰምቻለሁ። ገንዘቡ ግን ተከፍሏል። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ሞተሩን የሰጠሁት ከሁሉም ለሚበልጠው ነጂያችን ነው። ስለዚህ ልጅ ትንሽ ልንገርሽ። ዝምተኛ ነው። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ እንደሚነሳበት ሁላችንም እናውቃለን፣ እሱ ግን ገና ማዕበሉ ሳይታይ «እንመለስ» ይላል። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት እንደማይገባ ለእንግዶቹ የሚነግራቸው ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት ነው። ሌሎቻችን ከደረስን በኋላ ነበር የምንናገረው፣ ከዚያ ጭቅጭቅ። እሱ ወንዶቹን ክብራን አውርዶ ሴቶቹን አጠገቡ ካለው እንጦስ ኢየሱስ ያደርሳቸዋል፣ ሁሉም እየሳቀ ይመለሳል። ማንም እንዲህ አድርግ አላለውም። ያኔ ዐይን ቢኖረኝ ኖሮ መሪ ማለት እሱ እንደነበር አይ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ዘጠኝ እንግዳ ይዞ ከዘጌ ሲመለስ ሞተሩ ሐይቁ መሀል ላይ ነከሰ። ነፋሱ ተነስቷል። ከአንድ ሰዓት በላይ ማዕበል ሲንጣቸው ቆይተው ሌላ ጀልባ ጎትቶ አመጣቸው። እኔ ወደቡ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። እንግዶቹ ረጥበዋል፣ አንዷ ታለቅሳለች። እኔም በዘጠኙ እንግዶችና በግማሽ አባላት ፊት ጮህኩበት። «ዘይት አላይም ብለህ ነው! ሰው ልትጨርስ ነበር!» አልኩት።

ውሃ የገባው ሞተር መሆኑን እያወቅኩ።

ልጁ አልመለሰልኝም። መንሳፈፊያ ጃኬቱን አወለቀ፣ አጥፎ መቀመጫው ላይ አስቀመጠ፣ ቁልፉን እጄ ላይ አደረገልኝና ሄደ። በቃ። በሳምንቱ ባጃጅ ሲነዳ አየሁት።

አየሽ፣ 140 ሺህው ተከፍሎ አለቀ። ያ ልጅ ግን በምን ይተካል? ሲሄድ ያዩትስ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ነጂ ሞተሩ ላይ እንግዳ ድምፅ ሲሰማ ሊነግረኝ አይመጣም። ለምን ይንገረኝ? እንድጮህበት? ጥፋት ሲደበቅ ጀልባ አደጋ ላይ ነው፣ እኔ ደግሞ ለምን እንደሚደብቁኝ ሳይገባኝ ቁጥጥር አጠበቅኩ። ባጠበቅኩ ቁጥር ይብስ ተደበቀ።

4. ቢሮ። ይሄ ከጥያቄሽ ውጪ ይመስላል፣ ግን ስሚኝ። በዚያው ሰሞን አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ፈልጌ አንድ መሥሪያ ቤት ተመላለስኩ። አራት ቀን። ሰውየው ስልኩን እየነካካ፣ ቀና እንኳ ሳይል «ነገ ና» ይለኛል። በነጋታው «ኃላፊው የሉም»። በሦስተኛው «ማኅተም የያዘችው ወጥታለች»። በአራተኛው «ይሄ እኛን አይመለከትም»! ይህን ለመናገር አራት ቀን? ደሜ ፈልቶ ወደብ ተመለስኩና ለትኬት ሻጯ ልጅ ሰውየውን እያማሁ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ጋሼ፣ አትቆጣኝና አንተም እኮ ቀና ብለህ አታየንም» አለችኝ። ለካ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ደሞዟ ልታናግረኝ ስትመላለስ እኔም «ነገ» እላት ነበር። ያን ሌሊት አልተኛሁም። ለምሳሌ ያህል ነው እንዳትይ፣ የእውነት አልተኛሁም።

ስንተኛ ላይ ነበርኩ? ይቅር፣ ቁጥሩን ተይው።

የካቲት ላይ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ከዚያ በፊት ልጁ ቤት ሄድኩ፣ ሽማግሌም አልያዝኩም። «ሞተሩ ውሃ እንደገባበት አውቅ ነበር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩት። እናቱ ቡና አፈሉልን። ይቅር አለኝ፣ ወደ ጀልባ ግን አልተመለሰም። ጉባኤው ላይ ደግሞ የገዛሁበትን ደረሰኝ ይዤ ቆምኩና ከረዳቱ ቃል ጀምሮ ሁሉንም ተናገርኩ፣ ቃለ ጉባኤ ላይም በስሜ አስጻፍኩት። የወጣልኝ ስድብ ብዙ ነው። አንዱ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፣ አንተ ደግሞ ስትሾም የተበላህ ነህ» አለኝና በሳቅ ሞቱ። ግማሹን ከተራዬ እየቆረጥኩ እንድከፍል ወሰኑ፣ በሁለት ዓመት ከፈልኩ። ከወንበሩ ግን አላወረዱኝም። እንዲያውም በቀጣዩ ምርጫ ከ23ቱ 19 ድምፅ አገኘሁ። ስኮራ አይደለም… ደህና፣ ትንሽ እኮራለሁ።

ከዚያ ያደረግኩት ብዙ አይደለም። ጠዋት ወደቡ ላይ ከሁሉም ቀድሜ እደርሳለሁ፣ አስር ደቂቃ ቆመን እናወራለን፣ መጀመሪያ እኔ የትናንት ስህተቴን እናገራለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ማንም አልተነፈሰም። ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። ከዚያ አንዱ «ትናንት ነዳጅ ሳልለካ ወጣሁ» አለ፣ ምንም አላልኩትም፣ አመሰገንኩት። በማግስቱ ሁለት ሰው ተናገረ። የወር ገቢና ወጪ ደግሞ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። በ2012 ኮቪድ ገብቶ እንግዳ ሲጠፋ ካዝና ውስጥ የነበረችውን ትንሽ ገንዘብ ሳንጣላ ተካፈልን። ስንት እንደነበረች ሁሉም ያውቅ ነበርና። የጎረቤቶቻችንን ማኅበር ጠብ ስሰማ ነው ሰሌዳው ምን እንደጠቀመን የገባኝ።

አንቺ ዘንድ እንግዲህ ሞተር የለም። ግን ሰኞ ጠዋት አንዷ አንሶላ አቃጥላ ወይ የእንግዳ ዕቃ ሰብራ ትመጣለች፣ ሥራ አስኪያጁም አጠገብሽ ቆሞ ያይሻል። ያኔ መጀመሪያ የምትይው ቃል ለሌሎቹ አስሩም ይደርሳል። ካውያው እንደሚያቃጥል ቀድመሽ ታውቂ ከነበረ ደግሞ እዚያው ሥራ አስኪያጁ ፊት ተናገሪ። ደሞዝሽን ቢቆርጡም ተናገሪ። ልጅቷን ለብቻዋ ማታ ይቅርታ እጠይቃታለሁ ብለሽ እንዳታልፊው፣ እኔ ለብቻው ጠይቄ ያተረፍኩት ቡና ብቻ ነው።

ሞተሯ አሁንም ጓሮዬ ናት። ለብረት ገዢዎች ሽጣት ይሉኛል፣ አልሸጥም አልኩ። ባለቤቴ በርበሬ ታሰጣባታለች። ከ12 ሰዓት በኋላ ኔትወርክ ካለ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ሰኞ እንዴት እንደዋልሽም ንገሪኝ።