ለጀርመን ትምህርት የአባትሽ ቤት አይሸጥ

ውድ እኅቴ፤

በ2015 ዓ.ም. ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በውሃ ምህንድስና ተመርቀሽ፣ ከሁለት ዓመት በላይ በወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት መሥራትሽንና አማካይ ውጤትሽ 3.2 መሆኑን ጽፈሽልኛል። አንድ ኤጀንሲ በ85 ሺህ ብር «የማስተርስ ቅበላ ከጀርመን እናወጣልሻለን» ብሎሻል። አባትሽ ለቪዛ የሚጠየቀውን ገንዘብ ለማሟላት ቤታቸውን ሊሸጡ ተዘጋጅተዋል። አንቺም ሥራ ለቀሽ በዝግጅቱ ላይ ልታተኩሪ አስበሻል። ከሦስቱ የትኛው ይቅደም ነው ጥያቄሽ። እኔ ደግሞ አንዱንም አታድርጊ እላለሁ።

ቤቱ ከሁሉ በላይ አሳስቦኛልና ከእርሱ ልጀምር። «ጀርመን ትምህርት ነጻ ነው» የሚባለው በአብዛኛው እውነት ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብዙውን ጊዜ ለየሴሚስተሩ መጠነኛ መዋጮ ብቻ ይከፈላል። ባደን-ቩርተምበርግ የተባለው ክፍለ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ ተማሪዎች በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል፤ የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም ከዚያ የበለጠ ክፍያ ጀምሯል። ዋናው ሸክም ግን የኑሮ ወጪ ነው። ለቪዛው ብሎክድ አካውንት በሚባለው ሒሳብ 11,904 ዩሮ አስቀምጠሽ፣ ጀርመን ከገባሽ በኋላ በየወሩ 992 ዩሮ እያወጣሽ ትኖሪበታለሽ። በዛሬው ምንዛሪ ይህ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ብር በላይ ነው፤ የሚበቃውም ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። ማስተርሱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ሁለተኛውን ዓመት በምን ልትኖሪ ነው? ሕጉ ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ቋንቋው ገና ያልገባው፣ በትምህርት የተወጠረ አዲስ ተማሪ ወዲያው ሥራ አገኛለሁ ብሎ የቤተሰቡን መጠለያ ማስያዝ የለበትም።

አሁን ወደ ደስ የሚለው ነገር ልምጣ። ልትለቂው ያሰብሽው ሥራ በእጅሽ ካለው ሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው ነው። በተለምዶ ዳድ የምንለው የጀርመን አካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት ኢፖስ የሚባል የነጻ ትምህርት ዕድል አለው። ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ሲሆን ቢያንስ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የመጨረሻው ዲግሪም ብዙውን ጊዜ ከስድስት ዓመት ያልበለጠው መሆን አለበት። አንቺ ሁለቱንም ታሟያለሽ። ወርኃዊ የኑሮ ገንዘብ፣ የጤና መድን፣ የጉዞ ወጪና ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት የጀርመንኛ ኮርስ ይሸፍናል። በሙያሽም በእንግሊዝኛ የሚሰጡ ማስተርሶች አሉ፤ በሽቱትጋርት፣ በሃኖቨርና በድሬስደን ያሉትን የውሃ ሀብት ትምህርቶች ተመልከቺ። ከዚያ በፊት ግን የዓመቱን የኢፖስ ዝርዝር አውጥተሽ እነማን እንደተካተቱበት አረጋግጪ። ማመልከቻው የሚላከው በቀጥታ ለትምህርት ክፍሉ ነው እንጂ ለዳድ አይደለም፤ እስከ ሦስት ፕሮግራም መምረጥ ትችያለሽ። ቀነ ገደቡ ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያያል፤ ብዙዎቹ ትምህርቱ ከሚጀምርበት ጥቅምት አንድ ዓመት ያህል ቀድመው ስለሚዘጉ ከወዲሁ ተዘጋጂ።

3.2 ይበቃል ወይ ላልሽው፣ ጀርመኖች የውጭ ውጤትን የሚለውጡበት ቀመር አላቸው። ከከፍተኛው ውጤት ያንቺን ቀንሺ፤ ልዩነቱን በከፍተኛውና በዝቅተኛው ማለፊያ መካከል ላለው ልዩነት አካፍዪ፤ በ3 አባዢና 1 ደምሪ። ከፍተኛው 4.0፣ ማለፊያው 2.0 ከሆነ ያንቺ 2.2 ይመጣል። በእነርሱ አቆጣጠር 1 ምርጡ፣ 4 የመጨረሻው ማለፊያ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች የሚጠይቁት 2.5 ወይም ከዚያ የተሻለ ነውና ከመስፈርቱ ውስጥ ነሽ። የትራንስክሪፕትሽን ጀርባም ስካን ማድረግ እንዳትረሺ፤ የውጤት አሰጣጡ ማብራሪያ ብዙውን ጊዜ የሚታተመው እዚያ ነው።

ከውጤቱ ይልቅ የወደቁ ማመልከቻዎችን የሚጥላቸው የማመልከቻ ደብዳቤው ነው። «ጀርመን በቴክኖሎጂ የበለጸገች አገር ናት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ህልሜ ነበር» የሚሉ ደብዳቤዎች ብዙ አንብቤያለሁ፤ ስሙን ብትቀይሪው የማንም ይሆናል። ኤጀንሲዎች የሚሸጡትም ይህንኑ ነው። አንቺ ግን የእጅ ፓምፕ ተበላሽቶ ለወራት ሲቆም፣ መለዋወጫ ሲጠፋ፣ የውሃ ኮሚቴው ክፍያ መሰብሰብ ሲያቅተው በዓይንሽ አይተሻል። ይህንኑ ጻፊ። በወረዳሽ ስንት የውሃ ተቋማት እንዳሉ፣ ስንቶቹ እንደማይሠሩ፣ አንቺ የትኛውን ችግር ለመፍታት ምን እንዳደረግሽና የት ላይ እውቀት እንዳጠረሽ አስፍሪ። ከዚያ የፕሮግራሙን የትምህርት ዝርዝር አንብበሽ የትኛው ኮርስ ያንን ክፍተት እንደሚሞላ በስሙ ጥቀሺ። ኢፖስ የሚፈልገው ተመልሶ በአገሩ ሥራ ላይ ለውጥ የሚያመጣ ሰው ነው፤ ይህን ለማስረዳት አንቺ ካለሽበት ቦታ የተሻለ የለም። ቋንቋው ባያምር እንኳ ያንቺ ይሁን።

ሰነዶቹን በተመለከተ፣ ዩኒቨርሲቲሽ የወጪ መጋራት ክፍያሽ ሳይጠናቀቅ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ላይሰጥሽ ስለሚችል ሬጅስትራሩን አሁኑኑ ጠይቂ፤ ብዙ ወጣቶች ቀነ ገደብ ያመለጣቸው በዚህ ነው። የእንግሊዝኛ ፈተናም ያስፈልግሻል፤ አይልትስ ከሆነ 6.5 ብታገኚ ብዙ በር ይከፈትልሻል። ውጤቱ ለሁለት ዓመት ብቻ ስለሚያገለግል ከማመልከቻሽ ብዙ ወራት ቀድመሽ አትፈተኚ።

ለኤጀንሲው 85 ሺህ ብር የምትከፍዪበት ምክንያት አይታየኝም። ቅበላ የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ ዋስትና እሰጣለሁ የሚል ሁሉ የእርሱ ያልሆነውን እየሸጠ ነው። ዩኒቨርሲቲው የውጭ ማመልከቻዎችን አስቀድሞ በሚያጣራለት ኡኒ-አሲስት በተባለ ተቋም በኩል የሚቀበል ከሆነ ለመጀመሪያው ማመልከቻ 75 ዩሮ፣ በዚያው ሴሚስተር ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 30 ዩሮ ትከፍያለሽ። ከኢትዮጵያ በካርድ መክፈል ካስቸገረሽ ፍራንክፈርት ያለችው አክስትሽ ትክፈልልሽ።

አክስትሽን ካነሳን፣ ነጻ ትምህርቱ ባይሳካ በብሎክድ አካውንት ፋንታ እርሷ ወጪሽን እንደምትሸፍን በከተማዋ የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ቀርባ ቃል መግባት ትችላለች። ገቢዋን ያጣሩታል፤ ቃሉም እስከ አምስት ዓመት በሕግ ያስገድዳታል። ስለዚህ በስልክ ሰላምታ መሐል የሚጠየቅ ነገር አይደለም። አባትሽ ራሳቸው ደውለው፣ ሸክሙን ሳይደብቁ ቢያነጋግሯት ይሻላል። ቪዛውም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከ2025 አጋማሽ ወዲህ ቪዛ ሲከለከል ለኤምባሲው ቅሬታ ማቅረብ ቀርቷል፤ ያለው አማራጭ እንደ አዲስ ማመልከት ወይም በርሊን ላለው ፍርድ ቤት መክሰስ ነው። ሰነድሽ በመጀመሪያው ጊዜ የተሟላ ይሁን።

በዚህ ሳምንት ሥራ ገብተሽ ለኃላፊሽ ስለ እቅድሽ ንገሪያቸው። ኢፖስ የአሠሪ የድጋፍ ደብዳቤ በፊርማና በማኅተም ይፈልጋል፤ በወረዳ መሥሪያ ቤት ደግሞ ኃላፊ ቶሎ ይቀየራል። ሥራሽን የሚያውቁት ሰው ወንበሩ ላይ ሳሉ ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ አስጽፊ፤ የጀመርሽበት ቀንና የሥራሽ ዝርዝር በግልጽ ይስፈርበት።