የክረምት ዶሮና የጓሮ ጎመን፦ ከደብረ ማርቆስ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ከተማ ነው። በጓሮዬ 14 ወር የሞላቸው 12 ቦቫንስ የሚባሉ የእንቁላል ዶሮዎች አሉኝ። ሰኔ መግቢያ ላይ በቀን 9 እንቁላል እሰበስብ ነበር፤ አሁን ሐምሌ አጋማሽ ላይ 4 ደርሷል። ብርድ እንዳይመታቸው ቤታቸውን ዙሪያውን በላስቲክ ሸፍኜዋለሁ። ሌሊት አምፖል ላብራላቸው ወይስ ከሰል ላስገባ? ኩሱን ደግሞ ትኩሱን ለጎመኔ ሰጥቼው ጎመኑ ቢጫ ሆነብኝ።

መልስ፦ ላስቲኩን ዛሬውኑ ከላይ በኩል ያንሱት። ላባዋ ደረቅ የሆነችና ነፋስ በቀጥታ የማይመታት ዶሮ የማርቆስን የሐምሌ ሌሊት ያለ ማሞቂያ ታድራለች። ለብርድ ለብርድማ ውርጭ የሚጥለው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይብሳል። አሁን ያስቸገረዎት እርጥበት ነው። 12 ዶሮዎች በቀን ወደ 3 ሊትር ውኃ ይጠጣሉ፤ አብዛኛው በትንፋሽና በኩስ ተመልሶ እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል። ቤቱ ሲታፈን እንፋሎቱ ቆርቆሮው ላይ ጤዛ ሠርቶ ጉዝጓዙ ላይ ይንጠባጠባል። የራሰ ኩስ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፣ ዶሮዋ መብላት ትቀንሳለች፣ እንቁላሉም አብሮ ይወርዳል። የ14 ወር ዶሮ በእርግጥ መቀነስ ትጀምራለች፤ ግን በወር ተኩል ከ9 ወደ 4 አታሽቆለቁልም።

ነገ ጠዋት በሩ ተከፍቶ ሳይቆይ ገብተው ቁጢጥ ይበሉ፤ አፍንጫዎ በዶሮዋ ራስ ቁመት ይሁን። ቆመው ሳሉ ምንም ላይሸትዎ ይችላል፤ ቁጢጥ ሲሉ ዓይንዎን ከቆጠቆጠዎ አየሩ ተበላሽቷል። ከዚያ ከመሐል ወለሉ አንድ እፍኝ ጉዝጓዝ ጨብጠው እጅዎን ይክፈቱ። ተጣብቆ እንደ ድቡልቡል ጭቃ ከቀረ ርሷል፤ ቀስ ብሎ ከተፈረካከሰ ደህና ነው።

የራሰውን ጠራርገው ያውጡ፣ ወለሉን አንድ ፀሐያማ ቀን አድርቀው ሰጋቱራ ወይም በደንብ የደረቀ የጤፍ ጭድ ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር ያንጥፉ። በሳምንት ሁለት ጊዜ በመንሽ ይገልብጡት። ብዙ ሰው ሽታ ሲመጣ አመድ ወይም ኖራ ይነሰንሳል፤ እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ይህ ነገሩን ያባብሰዋል፣ ሁለቱም በኩሱ ውስጥ ያለውን አሞኒያ ወደ አየር የሚለቁ ናቸውና። ኖራው ጉዝጓዙ ከወጣ በኋላ ለባዶው ወለል ይሁን፤ አመዱ ደግሞ በሣጥን ተደርጎ ለቅማል መከላከያ ዶሮዎቹ ይታጠቡበት።

ግድግዳው ከታች እስከ ቆጡ ቁመት ድፍን፣ ከቆርቆሮው ሥር ደግሞ በሁለቱም ወገን ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ክፍት ሆኖ በወንፊት ሽቦ ይዘጋ። ክዳኑ 60 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውጭ ይውጣ፤ ያለዚያ ከነፋስ ጋር የሚመጣው ዝናብ በክፍቱ ይገባል። ለአንዲት ዶሮ 20 ሴንቲሜትር ቆጥ ያስፈልጋታል። ቀን ወደ ውጭ የማይወጡ ከሆነ ወለሉ ለ12ቱ ከ3 ካሬ ሜትር አይነስ።

ከሰል ፈጽሞ አያስገቡ፤ በታፈነ ቤት ጭሱ ባይታይም አፍኖ ይገድላቸዋል። የአምፖሉ ምክር የመጣው ክረምታቸው ቀኑን በጣም ከሚያሳጥርባቸው አገሮች ነው። እኛ ዘንድ ሐምሌ ላይ ቀኑ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ከታኅሣሥ አንድ ሰዓት ያህል ይረዝማል። ካሰኘዎ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስኪነጋ ያብሩላቸው፤ ነገር ግን አንድ ቀን አብርቶ አንድ ቀን መተው ጨርሶ ካለማብራት ይከፋል። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆኑ ይተዉት።

ከአምፖሉ ይልቅ የበቆሎ ከረጢትዎን ይክፈቱና ያሽትቱ። «ለሰው ካልሆነ ለዶሮ» እየተባለ የሚሰጥ የሻገተ በቆሎ ጉበታቸውን ይመርዛል፤ ማጠብም መቁላትም መርዙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ደህና መኖ ለአንዲት ዶሮ በቀን 115 ግራም፣ ለ12ቱ 1.4 ኪሎ ገደማ ያቅርቡ። የእንቁላሉ ቅርፊት ከሳሳ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ለብቻው ይቅረብላቸው።

የፈንግል ክትባት ከወሰዱ 3 ወር ካለፋቸው ጤነኞች ሳሉ ያስደግሙ። ቢሾፍቱ የሚመረተው ላሶታ የተባለው የፈንግል ክትባት በመጠጥ ውኃ ሲሰጥ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ክትባቱን ይገድለዋል። ስለዚህ ክሎሪን የሌለበት ንጹሕ ውኃ ይጠቀሙ፤ በ1 ሊትር 2 ግራም ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት ይጨምሩ፤ ዶሮዎቹን 2 ሰዓት አስጠምተው በ2 ሰዓት ውስጥ ያስጨርሷቸው። ብልቃጡ ለ12 ዶሮ ስለሚበዛና ከተከፈተ ስለማይቆይ ከጎረቤት ጋር ተነጋግረው አንድ ቀን ይክፈቱት። ለእንቁጣጣሽ ከገበያ የሚገዙት ዶሮም ከእርስዎዎቹ ጋር አንድ ሌሊት እንኳ አይደር፤ ፈንግል በአብዛኛው በዚያ በኩል ነው የሚገባው።

ወደ ጎመኑ እንምጣ። አንዱን ይንቀሉና ሥሩን ይመልከቱ። የቅጠሉ ጠርዝ ተቃጥሎ ሥሩ ነጭ ከሆነ ጥፋቱ የትኩሱ ኩስ ነው። ሥሩ ቡናማ ሆኖ ከሸተተ ውኃ ተኝቶበታል። የታችኞቹ ቅጠሎች ብቻ ቢጫ ሆነው ሥሩ ጤነኛ ከሆነ ደግሞ ዝናቡ ናይትሮጅኑን አጥቦ ወስዶታል። በሁለተኛውና በሦስተኛው የመደቡን ዙሪያ አፈር እያወጡ መደቡ ላይ ይከምሩ፤ መደቡ 1 ሜትር ስፋትና ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር ከፍታ ይኑረው፣ ውኃውም በቦዩ ይውረድ። የተቃጠለውን ለጊዜው ምንም ሳይሰጡ ይተዉት፤ ዝናቡ ራሱ የኩሱን ጨው ያጥብለታል።

ከዶሮ ቤቱ የወጣው ጉዝጓዝ አይጣል። ጭድ ስላለበት ከእሱ 1 ባልዲ ከ1 ባልዲ ደረቅ ቅጠል ጋር እያፈራረቁ እስከ 1 ሜትር ይከምሩት፤ ዝናብ እንዳይመታው ከቤትዎ ያነሱትን ላስቲክ ያልብሱት። በ5ኛው ቀን አንድ ዱላ መሐሉ ድረስ ሰክተው ጥቂት ቆይተው ሲነቅሉት መያዝ እስኪያቅት ካልጋለ፣ ወይ በጣም ደርቋል ወይ አየር አጥቷል። በየ2 ሳምንቱ ይገልብጡት። አሁን የተከመረው ጥቅምት ላይ ጠቁሮ አፈር አፈር ሲሸት በካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ኪሎ ለካሮቱና ለቀይ ሥሩ መደብ ይሆናል።