አምስት ወንድሞች ያለ ወራሽ፦ ስለ ማርሻል ቤተሰብ የዘር ሐረግ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ መካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ባለርስቶች ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር፣ ብዙ ደረሰኝ። አብዛኛው ስለ አንድ ቤት ነው፣ ስለ ማርሻሎች፣ ማለትም ስለ ታላቁ ባለርስት ስለ ዊልያም ማርሻልና ስለ ልጆቹ። ዓመታት የፈጀሁበት ቤት ስለሆነ ደስ ብሎኛል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ "ማርሻል" የአባት ስም ነው ወይስ ሹመት?

መጀመሪያ ሹመት ነበር። ቃሉ ከድሮ ጀርመንኛ የመጣ ነው፤ "ፈረስ" እና "አገልጋይ" ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጠመ። የእኛን ባልደራስ አስቡት። ሹመቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲያልፍ ሲያልፍ ስም ሆኖ ቀረ። የታላቁ ዊልያም ማርሻል አባት ግን በሰነድ ላይ ጆን ፊትዝጊልበርት ተብሎም ይገኛል፣ "የጊልበርት ልጅ ጆን" ማለት ነው። ልክ እንደኛ በአባቱ ስም ነው የተጠራው። ስለዚህ "ፊትዝ" ያለበት ስም ስታገኙ የቤተሰብ ስም ነው ብላችሁ ይዛችሁት ወደ ላይ አትውጡ፤ በየትውልዱ ሊቀየር ይችላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዊልያም ድሃ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። ያን ሁሉ መሬት ከየት አመጣው?

ድሃ እንኳን አልነበረም፣ ግን ታላላቆች ስለነበሩት ርስት የሚደርሰው ልጅ አልነበረም። በ1152 አባቱ ለንጉሥ እስጢፋኖስ መያዣ አድርጎ ሰጠው፣ ከዚያም ቃሉን አጠፈ። ንጉሡ ልጁን እሰቅለዋለሁ ሲል አባት የመለሰው መልስ ዛሬም ያስደነግጠኛል፦ ከዚህ የተሻሉ ልጆች የምቀጠቅጥበት መዶሻና መስፍ አለኝ አለ። ይህን የምናውቀው ዊልያም ከሞተ በኋላ የበኩር ልጁ ካስጻፈው፣ ወደ 19,000 መስመር ከሚጠጋው የግጥም ታሪክ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ራሱ ሲተርክ የኖረው ታሪክ መሆኑን አትርሱ። ንጉሡ ግን ልጁን አልገደለውም።

መሬቱ የመጣው በጋብቻ ነው። በ1189 ኢዛቤል ደ ክሌርን አገባ። አባቷ "ስትሮንግቦው" የሚባለው ሪቻርድ ደ ክሌር ነው፣ እናቷ ኢፋ ደግሞ የአየርላንዱ የሌንስተር ንጉሥ የዲያርማት ልጅ ናት። በአንድ ሰርግ ሌንስተር፣ በዌልስ ያለው ሰፊ መሬትና በኖርማንዲ ያለው ርስት መጣ። በ1199 የፔምብሩክ ኧርል ተባለ (ኧርል ከፍ ያለ የባላባት ማዕረግ ነው)፤ ከ1216 እስከ 1219 ደግሞ ለሕፃኑ ለንጉሥ ሄንሪ ሣልሳዊ እንደራሴ ሆኖ አገሪቱን ገዛ። እኔ ግን ይህን የዘር ሐረግ ስጽፍ ከኢዛቤል ነው የምጀምረው። ርስቱ የእሷ ነው።

ጥያቄ፦ አምስት ወንድ ልጆች ወልዶ እንዴት ዘሩ ይጠፋል?

ዘሩ አልጠፋም፣ ስሙ ነው የጠፋ። አምስቱም ተራ በተራ ኧርልነቱን ወረሱ፣ አንዳቸውም ሕጋዊ ልጅ ሳይተኩ ሞቱ። ዊልያም ካልዓይ በ1231 ሞተ። ሪቻርድ ከንጉሡ ጋር ተጣልቶ በ1234 ኪልዴር ውስጥ በጦርነት ቆስሎ ሞተ። ጊልበርት ለቅስና ነበር የታሰበው፤ ወንድሞቹ ሲሞቱ ግን ትጥቅ አንሥቶ ኧርል ሆነ፣ በ1241 እንደ ጉግስ ባለ የፈረሰኞች ግጥሚያ ላይ ልጓሙ ተበጥሶ ፈረስ ጎትቶ ገደለው። ዋልተርና አንሰልም በ1245 መጨረሻ በሳምንታት ልዩነት ተከታትለው ሄዱ።

ጥያቄ፦ እርግማን ነው ይባላል። እውነት ነው?

ታሪኩ አለ። የሴንት ኦልባንሱ መነኩሴ ማቲው ፓሪስ ነው የጻፈው። ዊልያም አየርላንድ ውስጥ የፈርንስን ጳጳስ ሁለት ርስት ቀማ፣ ጳጳሱም አወገዘው። ከሞተ በኋላ ንጉሡ ይፍቱት ብሎ ሲለምን፣ መሬቱ ከተመለሰ እፈታለሁ አሉ። ልጆቹ እምቢ አሉ። ያኔ ጳጳሱ ስማችሁ በአንድ ትውልድ ይጥፋ ብለው ረገሙ ይላል። የመሬቱ ክርክር እውነተኛ ነው። እርግማኑ ግን የተጻፈው ወንድሞቹ ማለቅ ከጀመሩ በኋላ ነው፣ ይህን ልብ በሉ። እኔ የማየው አንዱን ጦር፣ አንዱን ፈረስ እንደገደለው ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሴቶቹ እንዴት ወረሱ? እዚያ አገር በኩር ብቻ አይደል የሚወርሰው?

ጥሩ ጥያቄ፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወንዶች ካሉ በኩሩ ይወስዳል። ወንድ ከሌለ ግን ሴቶች ልጆች እኩል ይካፈላሉ፤ የሞተችም ካለች ድርሻዋ ለልጆቿ ያልፋል። ይህ ሁለተኛው ክፍል በጎጃምና በጎንደር የርስት ልማድ ላደገ ሰው እንግዳ አይደለም፣ እዚያ ወንድም ሴትም ከእናትም ከአባትም ይካፈል ነበር። ልዩነቱ እንግሊዞቹ ወንድ እስኪያልቅ መጠበቃቸው ነው።

ዊልያምና ኢዛቤል አምስት ሴቶች ልጆችም ነበሯቸው፤ ስለዚህ በ1247 ሌንስተር ለእነሱ ወገን ለአምስት ተከፈለ። ካርሎ ለሞድ ደረሰ፣ የመጀመሪያ ባሏ ሂዩ ቢጎድ ነበር። ኪልኬኒ ለኢዛቤል ማርሻል ልጆች፣ ለክሌሮች። ኪልዴር ለሲቢል፣ ዌክስፎርድ ለጆአን፣ ደናሜስ ለኢቫ ወገን። አሁን ሲቢልን ተመልከቱ፤ ከዊልያም ደ ፌረርስ ሰባት ሴቶች ልጆች ነበሯት። አምስተኛውን እጅ ለሰባት ስትከፍሉት እያንዳንዷ ከጠቅላላው 1/35 ይደርሳታል። ከዚያ በኋላ በኪልዴር ሰነዶች ላይ ዝምድናቸው የማይገባ የባሎች ስም ተደርድሮ ሲገኝ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

የሴቶቹን መስመር የተከተለ ብዙ ያገኛል። የኢዛቤል ማርሻል ልጅ የአናንዴሉን ጌታ ሮበርት ብሩስን አገባች፤ የእሷ የልጅ ልጅ በ1306 የስኮትላንድ ንጉሥ ሆነ። ከኢቫ ወገን ደግሞ በሞርቲመሮች በኩል ተወርዶ ተወርዶ በ1461 የነገሠው ኤድዋርድ ራብዓይ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ሁለት ኢዛቤል ደ ክሌር አገኘሁ፣ አንዷን ልሰርዝ?

እንዳትሰርዣት እህቴ! ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንዷ የዊልያም ሚስት ናት። ልጇ ኢዛቤል ማርሻል ደግሞ ከሌላው የክሌር ቅርንጫፍ የመጣውን የግሎስተሩን ጊልበርትን በ1217 አገባችና፣ የወለደቻት ልጅ እንደገና ኢዛቤል ደ ክሌር ሆነች። አያትና የልጅ ልጅ ናቸው። በየኢንተርኔቱ አንድ ሰው ተደርገው ሲጻፉ እያየሁ ነው፣ አንዴ ከተቀላቀሉ ሦስት ትውልድ ይበላሻል።

እግረ መንገዴን፣ እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን እንደምንጋባ ሁሉ የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያንም እስከ ሰባት ትከለክል ነበር፣ በ1215 ወደ አራት አወረደችው። ኢዛቤል ማርሻልና ጊልበርት በ1117 ከሞተው የጋራ የዘር አባታቸው ከጊልበርት ፊትዝሪቻርድ ሲቆጠሩ ሁለቱም አራተኛ ናቸው። አራተኛውም ክልክል ውስጥ ነው። ቆጠራው በእጃችሁ ካለ እንዲህ ያለውን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፦ ባል የሞተባት ሴትስ?

እስክትሞት ድረስ የባሏን መሬት ሢሶ ትይዛለች። የዊልያም ካልዓይ ሚስት ኤሊኖር የንጉሡ እህት ናት፣ በ1238 ሲሞን ደ ሞንትፎርትን አገባች። ለአየርላንድና ለዌልስ ድርሻዋ በዓመት 400 ፓውንድ ተወሰነላት፤ በጣም አነሰ ብለው እሷና ሲሞን ለዓመታት ተከራከሩ።

ጥያቄ፦ የልደት መዝገብ በሌለበት ዘመን ዕድሜ እንዴት ይታወቃል?

በመሬቱ በኩል። ከንጉሡ መሬት የያዘ ሰው ሲሞት የአካባቢው ሰዎች ተሰብስበው ይምላሉ፦ ምን ይዞ ነበር፣ ወራሹ ማን ነው፣ ስንት ዓመቱ ነው። ወራሹ ወንድ ከሆነ 21 እስኪሞላው በሞግዚት ሥር ይቆያል፣ ስለዚህ ዕድሜ ማለት ገንዘብ ነው። በኋላ ደግሞ ዕድሜውን የሚያረጋግጡ ምስክሮች ይጠራሉ፣ አንዱ "ልጄ በዚያው ሰሞን ተወለደ"፣ ሌላው "ያኔ እግሬ ተሰበረ" እያለ። እነዚህን ምስክርነቶች ማንበብ በጣም እወዳለሁ። ኧርሉ ተረስቶ የመንደሩ ሰው ሲናገር ይሰማችኋል። የዕድሜ ቁጥሩን ግን እንደ ግምት ያዙት፣ "30ና ከዚያ በላይ" ተብሎ የተጻፈ ወራሽ 45 ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ እንግሊዛዊ ነው፣ የቤተሰቡ ስም ማርሻል ነው። ልጆቼ ከዚህ ቤት ናቸው ማለት ነው?

በስሙ ብቻ አይሆንም። ፈረስ ያከመም፣ ያሠለጠነም ሁሉ ማርሻል ይባል ስለነበር ስሙ በየመንደሩ አለ። የኧርሉ የወንድ ሕጋዊ መስመር ደግሞ በ1245 ተዘግቷል። በስሙ ከዊልያም ወረድን የሚል ሐረግ ካሳዩሽ ያ ሐረግ የተሳሳተ ነው።

ዘሩ ግን በሴቶቹ በኩል ሊኖርባቸው ይችላል፣ ስሙም ማንኛውም ሊሆን ይችላል። ከልጆችሽ ጀምሪና ወደ ኋላ ሂጂ። የደብር የጥምቀት መዝገብ የተጀመረው በ1538 ነው፤ እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱን ትውልድ በመዝገብና በኑዛዜ አያይዢ። ከዚያ በላይ መውጣት የሚቻለው መሬት የነበረው ቤት ላይ ከደረስሽ ነው። እዚያ ስትደርሺ የሚስቶቹን አባት ፈልጊ፣ መሬቱ በማን በኩል እንደመጣ ጠይቂ። እስካሁን ያገኘሽውን ከ1700 በፊት ያለውን ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።